በሰው ፊት የሚያርፍ ጥፊ

ወልቂጤ መናኸሪያ መኪና እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰው ስልኩን አያጋድምም። በቁሙ እንደያዘው ባል ሚስቱን ይከዳል፣ አማት ትሳደባለች፣ ጽዳት ሠራተኛ መስላ የኖረችው ሴት የኩባንያው ባለቤት ሆና ትገኛለች፤ ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰብ ሳይጀምር።

አጭር ድራማ ይሉታል። አንዱ ክፍል አንድ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ሙሉው ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ክፍል። ቻይና ውስጥ አድጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በተጀመረው ሪልሾርት በተሰኘ መተግበሪያ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በነፃ ይታያሉ፤ ልክ ጥፊው ሊያርፍ ሲል ክፈሉ ይላል። ወደ እኛ የሚመጣው ግን ባብዛኛው ተቆራርጦ፣ የአማርኛ ትረካ ተጭኖበት፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ነው።

«በቀል ያስተምራል» እያሉ የሚነቅፉት ሰዎች አንድ ነገር ልብ ቢሉልኝ ደስ ይለኛል፤ ጥፊው የት ነው የሚያርፈው? ጓዳ ውስጥ አይደለም። የሠርግ አዳራሽ፣ የባለአክሲዮኖች ስብሰባ፣ የሆቴል መግቢያ ነው። የተዋረደችው በሰው ፊት ነውና ክብሯም የሚመለሰው በሰው ፊት ነው። ከዳተኛው ብቻውን ቤቱ ቁጭ ብሎ ቢከስር ማንም አይረካም። ችግሩ፣ በቁሙ የተያዘ ስልክ አዳራሽ አይችልም፤ ከአንድ ሁለት ፊት በላይ አይገባበትም። ስለዚህ አዘጋጁ ሕዝቡን በየተራ ያመጣዋል፦ አፏን የያዘች አስተናጋጅ፣ ብርጭቆው አየር ላይ የቀረ አጎት፣ ድንገት ቀጥ ብሎ የቆመ ጥበቃ። ጥቅማቸው ምስክርነት ነው። እኔ ድራማውን የማየው ለእነሱ ስል ነው።

ለጉራጌ ይህ እንግዳ አይደለም። በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ ክርክር የሚሰማው በአደባባይ ነው። የቃቄ ወርድወትም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሴቶችን የጋብቻና የፍቺ መብት የጠየቀችው እዚያው ሸንጎ ፊት ቀርባ ነበር። ብቻ በሸንጎው በደለኛ ካሳ ከፍሎ፣ ታርቆ ከጎረቤቱ ጋር ይኖራል፤ ስልኩ ውስጥ ግን በደለኛው ወድቆ ይቀራል። 70ኛው ክፍል ላይ ሽማግሌ የገባበት ድራማ እስካሁን አልገጠመኝም።

ቡታጅራ አንድ ካፌ ውስጥ አጠገቤ የነበረ ወጣት የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ከፍቶ «ይኸው ነው እንዴ?» አለ። ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል! ስድቡን ሳይሰማ ካሳውን ይጠብቃል። ተራኪዎቻችንም ከእሱ አይሻሉም፤ ለማሳጠር ሲሉ መጀመሪያ የሚጥሉት የታዛቢዎቹን ፊት ነው። እባካችሁ፣ መቁረጥ ግድ ከሆነ ጥፊውን ቁረጡት፤ አስተናጋጇን ተዉልኝ።