ሞተሩን የማያውቅ ባለቤት

ዛሬ ለአፍታ ከፖለቲካው ወጣ ብለን ስለ አውሮፕላን ሞተር እናወራለን። ነገሩ ግን ከእኛ ጉዳይ ሩቅ አይደለም።

በቅርቡ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ትንሿ ኢትዮጵያ ውስጥ ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ "ቅዳሜ አንድ ቦታ ልውሰድህ" አለኝ። ይህ ሰው ከሦስት ሰዎች ጋር በጋራ የገዛት ባለ አራት መቀመጫ ሴስና አለችው። ራሱ ያበራታል፣ ልጆቹንም ያሳፍርባታል። ከምኖርበት ዌስትውድ ተነስተን፣ የ405ን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ሰሜን ሄድን። የጠበቀን ለአውሮፕላን ባለቤቶች የተዘጋጀ የሞተር ጥገና ሥልጠና ነበር። እጅ ዘይት የሚነካበት፣ መፍቻ የሚያዝበት።

አሠልጣኙ በጥያቄ ጀመረ። "የሞተርህ ዘይት ከተቀየረ ወዲህ ስንት ሰዓት በረርክ?" ወዳጄ መልስ አልነበረውም። "መካኒኮቹ ያውቁታል" አለ። አሠልጣኙም "እነሱ መሬት ላይ ናቸው፤ አየር ላይ ያለኸው አንተ ነህ" አለው።

የአሜሪካ ሕግ ምን ይላል? የአብራሪነት ፈቃድ ያለው ባለቤት የተወሰኑ ሥራዎችን በራሱ እጅ እንዲሠራ ይፈቅዳል፦ ዘይትና ፊልትሮ መቀየር፣ ካንዴላ ማጽዳት፣ ጎማ መለወጥ የመሳሰሉትን። የሠራውን ግን ከነቀኑ መዝገብ ላይ ጽፎ፣ የፈቃድ ቁጥሩን አስፍሮ መፈረም አለበት። ዓመታዊው ምርመራ ደግሞ ልዩ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ድርሻ ነው።

የዕለቱ ትልቁ ትምህርት ፊልትሮው ነበር። እንዲህ ባሉ ሞተሮች ዘይቱ በየ50 የበረራ ሰዓቱ ሲቀየር፣ አሮጌው ፊልትሮ ዝም ብሎ አይጣልም። ቆርቆሮው ይቆረጣል፤ ውስጡ ያለው የታጠፈ ወረቀት ተዘርግቶ በብርሃን ይታያል። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ ማግኔት ይጠጋበታል። ከተሳበ ብረት ነው፤ ካልተሳበ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሳይፈታ ውስጡ ምን እየተበላ እንደሆነ የሚናገረው ይህ ወረቀት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ይህን ሳይ ጆን ሮቢንሰን ትዝ አለኝ። ይህ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ብቻ ሳይሆን የሚያበረውን ሞተር ፈትቶ መግጠም የሚያውቅ መካኒክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ከኢትዮጵያ ጎን ሊቆም መጣ። ከነፃነት በኋላም በ1944 ተመልሶ ወጣቶቻችንን አሠለጠነ። በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሳቢያ በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ እኛ ይመለሳል። አገር የሕዝብ ናት እንላለን። ባለቤቶች ከሆንን መዝገቡን አንብበነዋል ወይ? ባለቤት የመካኒኩን ሥራ ይቀማ እያልኩ አይደለም። የዋና ኦዲተር ሪፖርት በየዓመቱ ለፓርላማ ይቀርባል። የእኛ ፊልትሮ እሱ ነው። ስንቶቻችን ከፍተን አይተነዋል? እዚህ በስደት ያለን ሰዎችስ የማኅበራችንን ሒሳብ ጠይቀን እናውቃለን? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። የማይጠይቅ ባለቤት ደግሞ መናቁ አይቀርም።

ወዳጄ ማታ ስንመለስ፣ ለዓመታት ገልጦት የማያውቀውን የአውሮፕላኑን መዝገብ በብብቱ ይዞ ነበር።