በአጭር ጊዜ ለአሜሪካ የዜግነት ፈተና መዘጋጀት፦ ከሽምደዳ ባሻገር

የአሜሪካ የዜግነት ፈተና በአብዛኛው በቃል የሚሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ያመለከተ ሰው ከ128 የታሪክና የመንግሥት አወቃቀር ጥያቄዎች እስከ 20 ይጠየቃል፤ ለማለፍም 12 በትክክል መመለስ አለበት። ቀጠሮ የደረሰበት ተፈታኝ ጊዜውን ሁሉ በእነዚህ ጥያቄዎች ሽምደዳ ቢጨርስ ግን ሌላውን የፈተና ክፍል ይዘነጋል።

እንግሊዝኛ የመናገር ችሎታ የሚመዘነው መኮንኑ ከማመልከቻው ቅጽ እያነሣ በሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ነው። ቅጹን ሌላ ሰው የሞላለት አመልካች ስለ መሐላና ስለ ታማኝነት ሲጠየቅ የቃላቱን ትርጉም ካላወቀ፣ የሸመደዳቸው መልሶች አይደርሱለትም። ስለዚህ የጥናቱ መነሻ የራስን ቅጽ ጮክ ብሎ ማንበብና መልሱን በአጭር ዓረፍተ ነገር መለማመድ ሊሆን ይገባል።

አንዳንድ መልሶች ደግሞ እንደ መኖሪያ ቦታ ይለያያሉ። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ማሳያ ናቸው፦ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ነዋሪ የየግዛቱን አገረ ገዥ ስም ይጠራል፤ የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ ግን ከተማዋ አገረ ገዥ እንደሌላት ይመልሳል። ከጓደኛ የተዋሱት ማስታወሻ ሊያሳስት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕድሜም አስቀድሞ ሊታይ ይገባል። 65 ዓመት የሞላውና በቋሚ ነዋሪነት 20 ዓመት የኖረ አመልካች 20 ጥያቄዎችን ብቻ አጥንቶ በአስተርጓሚ አማካይነት በአማርኛ ሊፈተን ይችላል። ለእንዲህ ያለው አረጋዊ፣ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ይህን መብት ማወቅ ከብዙ ሳምንት ድካም ያድናል።