የምታነክስ ዶሮ በቤት ስለምትጠበቅበት መንገድ

ዶሮ በገጠርም ሆነ በከተማ ከብዙ ቤት የማትታጣ እንስሳ መሆኗ የታወቀ ነው። ለበሬ መግዣ የሚሆን ገንዘብ የሌለው ቤተ ሰብ እንኳ ሁለት ሦስት ዶሮ ከደጁ አያጣም። የእንቁላሉም ዋጋ ለጨውና ለሳሙና፥ ለልጆችም ደብተር መግዣ ይሆናል። ከእነዚህም ዶሮች መካከል አንዳንዷ ልጆች ጥሬ ከእጃቸው እያበሉ የሚያለምዷት፥ ስም አውጥተው የሚጠሯት ትሆናለች። ይህች ዶሮ አንድ ቀን ማንከስ የጀመረች እንደ ሆነ ግን በቤቱ የሚሰማው ፍርድ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ሳትከሳ ትታረድ» የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ ፍርዱ ከመሰጠቱ አስቀድሞ እግሯን አገላብጦ መመርመር እንደሚገባ ለማስረዳት ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ባልቴት ከልጅ ልጃቸው ጋር አንዲት የምታነክስ ዶሮ በቅርጫት ይዘው ወደ መሥሪያ ቤቴ መጡ። ዶሮይቱን ቄብ ሳለች ከገበያ ገዝተው ልጁ እንዳሳደጋት ነገሩኝና፥ «ጌታዬ፥ ትድናለች ወይስ ትሞታለች?» ብለው ጠየቁኝ። በዚያ ወራት በወረዳችን ፈንግል ገብቶ ስለ ነበር፥ እኔም ከቅርጫቱ እንኳ ሳላወጣት፥ «እማማ፥ በሽታው ወደ ሌሎቹ ሳይተላለፍ ገድለው ይቅበሯት» አልኋቸው። እንዳልሁትም አደረጉ። በማግሥቱ ልጁ ብቻውን መጥቶ አንድ ቀጭን የናይለን ክር ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ክሩ ዶሮይቱ ከገበያ በመጣች ጊዜ እንዳትጠፋ የታሰረችበት ሲሆን፥ እግሯ እየወፈረ ሲሄድ ሥጋዋን ሰንጥቆ ገብቶ ኖሯል። ልጁ ምንም ሳይናገረኝ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማናቸውንም የምታነክስ ዶሮ እግሯን ሳልይዝ ምክር ሰጥቼ አላውቅም።

ስለዚህ ምርመራው በሚከተለው ሥርዓት ቢፈጸም መልካም ነው።

1ኛ፤ ዶሮይቱን ቀን እያባረሩ መያዝ የታመመውን እግር ስለሚያብስ፥ ሲመሽና ቆጧ ላይ ስትሰፍር በዝግታ መያዝ ይገባል። በእግሯ ማንጠልጠል ፈጽሞ አይገባም። ዶሮችን ሁለት እግራቸውን አሥሮ ቍልቍል ዘቅዝቆ ከገበያ ማምጣት የለመድነው ነገር ቢሆንም፥ የብዙ ዶሮች መገጣጠሚያ የሚወልቀውና አጥንታቸው የሚሰበረው በዚሁ መንገድ ነው። አንዱን እጅ ከደረቷ በታች አድርጎ፥ በሌላው ክንፎቿን ገጥሞ ማንሣት ይሻላል።

2ኛ፤ በብርሃን ፊት ቅልጥሟንና ጣቶቿን አንድ በአንድ መመልከት ነው። ክር፥ ጠጕር ወይም ሽቦ ተጠምጥሞ የተገኘ እንደ ሆነ፥ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ በትንሽ መቀስ ቀስ እያሉ መቍረጥና ቍስሉን ማጠብ ያስፈልጋል።

3ኛ፤ ውስጥ እግሯን መመልከት ነው። በዚያ እብጠትና ጥቍር ቅርፊት ቢታይ፥ ሸካራ ቆጥ ወይም ድንጋይ ባቈሰለው ቦታ ጀርም መግባቱን ያስረዳል። እንዲህ ያለውን እግር ጨው በተጨመረበት ለብ ያለ ውሃ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፎ፥ አድርቆ፥ አዮዲን ቀብቶ በንጹሕ ጨርቅ መጠቅለልና ጨርቁን በየቀኑ መለወጥ ይገባል። እብጠቱ ጥልቅ ከሆነ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይክፈተው እንጂ በቤት ምላጭ መቅደድ አይገባም። ይህ ጀርም ሰውንም ስለሚያቈስል፥ ያከመ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

4ኛ፤ የእግሯ ቅርፊት ተነሥቶና ነጭ አመድ መስሎ ቢገኝ፥ ከቅርፊቱ ሥር የገቡ ጥቃቅን ተባዮች ያመጡት እከክ ነው። በሳሙናና በለብታ ውሃ አጥቦ ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት ደጋግሞ መቀባት ተባዮቹን አፍኖ ይገድላል። አንዳንድ ሰዎች ላምባ ይቀባሉ፤ ነገር ግን ላምባ ቆዳዋን ስለሚያቃጥል መተው ይሻላል።

5ኛ፤ በእግሯ ላይ ምንም ሳይታይ ብዙ እንቁላል የምትጥል ዶሮ ብትደክም፥ የአጥንቷ ኖራ ማለቁን መጠርጠር ይገባል። በአንድ እንቁላል ቅርፊት ውስጥ 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይገኛል፤ ዶሮይቱም ይህን ከምግቧ ካላገኘች ከራሷ አጥንት ትወስዳለች። የእንቁላል ቅርፊት በእሳት አድርቆ፥ አድቅቆ በዕቃ ማቅረብና ፀሐይ እንድትሞቅ ማድረግ ይጠቅማታል።

ምክንያቱ ማናቸውም ቢሆን፥ ከሁሉ የሚበልጠው ሕክምና ዕረፍት ነው። ዶሮይቱን ከሌሎቹ ለይቶ፥ ደረቅ ገለባ በተነጠፈበት ቅርጫት ወይም ሣጥን ውስጥ፥ ሸለምጥማጥ በማይደርስበት ስፍራ ማኖር ያስፈልጋል። ውሃውና ጥሬው ከአፏ አጠገብ ይሁን፤ የምታነክስ ዶሮ ከበሽታው ይልቅ በጥምና በረኃብ ልትሞት ትችላለችና። መቆም ያቃታት እንደ ሆነ ደረቷ እንዳይቈስል በቀን ጥቂት ጊዜ አኳኋኗን መለወጥ ይገባል። ከዳነችም በኋላ ቆጧን ከሰው ጕልበት በማይበልጥ ከፍታ ላይ አድርጎ፥ እንጨቱን አለስልሶ መሥራት ያስፈልጋል። ለሰው የተገዛ ክኒን በግምት መስጠት ክልክል ነው። ባለሙያ ያዘዘላት መድኃኒት ቢኖርም፥ እንቁላሏና ሥጋዋ እስከ ስንት ቀን እንደማይበላ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ይሁን እንጂ በቤት የማይታከም ማነከስም አለ። አንዱ እግሯ ወደ ፊት፥ ሌላው ወደ ኋላ ተዘርግቶ የቀረባት ቄብ የማሬክ በሽታ ሳይይዛት አይቀርም። ስሙ የተወሰደው በ1907 እ.ኤ.አ. በሽታውን ከገለጸው ሀንጋሪያዊ የእንስሳት ሐኪም ነው። ፈዋሽ መድኃኒት አልተገኘለትም፤ መከላከያው ጫጩት በተፈለፈለችበት ቀን የሚሰጥ ክትባት ነው። ደግሞም ብዙ ዶሮች በአንድነት ታመው፥ ኩሳቸው አረንጓዴ ቢሆን፥ ትንፋሽ ቢያጥራቸውና አንገታቸው ቢጠመዘዝ ፈንግል መሆኑን መጠርጠርና ሳይውሉ ሳያድሩ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማስታወቅ ያስፈልጋል። የታመመችውን አርዶ መብላት ወይም ወደ ገበያ ማውጣት የጎረቤትን ሁሉ ዶሮ መጨረስ ነው። የፈንግል ክትባት በአገራችን በቢሾፍቱ ስለሚመረት፥ አርቢዎች ዶሮቻቸውን በጊዜው ማስከተብ ይገባቸዋል።

በእንክብካቤ ሰንብታ የማትበላና የማትነሣ ብትሆን፥ ሥቃይዋን ማሳጠር ምሕረት እንጂ ጭካኔ አይደለም። ነገር ግን ይህ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ነገር አይሁን። ከገበያ ያመጣናትን ዶሮ እንድትለምድ ያሰርንበትን ክር በጊዜው መፍታት ለማንም የማያዳግት ሥራ ነው። ያ ልጅ ያመጣልኝን ክር እስከ ዛሬ በጠረጴዛዬ መሳቢያ አኑሬዋለሁ፤ አዲስ የግብርና ሠራተኛ ወደ ወረዳችን በመጣ ቍጥር አስቀድሜ የማሳየው እርሱን ነው።