የበልግ መግቢያ የጓሮ ሥራ በከሚሴ ዙሪያ

በከሚሴና በአካባቢዋ የጓሮ ሥራ የሚጀመረው የበልግ ዝናብ ከመጣሉ በፊት፣ ከጥር መጨረሻ አንሥቶ ነው። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ1,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ታገኛለች፤ በልጉን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ክረምቱን ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መግቢያ። ክረምቱ ይሻላል፤ በልጉ ግን አንዳንድ ዓመት ይዘገያል፣ አንዳንድ ዓመትም ጨርሶ ይቀራል። ቀዝቃዛና እርጥብ በሆኑ የአውሮፓ አገሮች አትክልተኛ በጸደይ መግቢያ የሚጠብቀው የራሰው አፈር እስኪጠነፍፍ ነው። እዚህ የሚታሰበው የመጀመሪያው ዝናብ ሳይባክን መሬት ውስጥ እንዲገባ ነው።

ይህ ግን ለሁሉም ጓሮ አይሠራም። የቦርከና ወንዝ ከኮምቦልቻ ወርዶ ውኃውን በሚያስተኛበት በጨፋ ሜዳ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከራሰ በኋላ ደግሞ ውኃ አያሳልፍም፣ የተክሉም ሥር አየር ያጣል። ስለዚህ መደቡ ከፍ ተደርጎ፣ በመካከሉ ቦይ ወጥቶለት ይሠራል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ማሳቸውን ሳይቀር በእጃቸው በዚህ መንገድ ሲያዘጋጁ ኖረዋል፤ አድካሚ ቢሆንም ለዋልካ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ማግኘት ይቸግራል። አፈሩ ለመቆፈር መድረሱ የሚታወቀው ጭብጥ ሙሉ አፈር ጨምቆ በማየት ነው፦ እንደ ጭቃ ከተጣበቀ ገና ነው፤ በጣት ሲነኩት ከፈረሰ ደርሷል። በተዳፋቱ በኩል ሥራው ተቃራኒ ነው። ባለፈው ክረምት የተናደው የድንጋይ እርከን ይካባል፣ መደቡም ውኃ እንዲይዝ ዝቅ ይደረጋል፣ በፓፓያና በሎሚ ግንድ ዙሪያ ጎድጎድ ያለ ክብ ይበጃል። ፓፓያ ግን የቆመ ውኃ ፈጽሞ ስለማይችል አፈሩ ከግንዱ ሥር ከፍ ማለት አለበት።

ፍግ ከአፈሩ ጋር የሚቀላቀለው ዝናቡ ሳይመጣ ነው። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላልና በበጋው ተከምሮ የበሰለው ይመረጣል። ችግሩ እበቱ ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ መሄዱ ነው፤ ለጓሮ የሚተርፈው አብዛኛውን ጊዜ የበረት ጥራጊና የቤት ጥራጊ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ዝናብ እንደ ጣለ ቀድሞ የሚበቅለው አረም ነው፤ ከአረሙም ሁሉ ክፉው ፓርቴኒየም፣ ማለትም ቅንጬ አረም ነው። አንዱ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ቆዳ ያሳክካል፤ ላም ከበላችውም ወተቷ ይመራል። የሚነቀለው አፈሩ እንደለሰለሰ፣ ነጭ አበባውን ሳያወጣ፣ እጅ በጓንት ወይም በፌስታል ተሸፍኖ ነው። አብቦ የተነቀለ ወደ ፍግ ክምር አይጣልም፤ ይቃጠላል።

ከግቢው ሥራ አጥር አንዱ ነው። የቅንጭብ አጥር የሚከረከመው በዚህ ወቅት ሲሆን፣ ነጩ ወተቱ ዓይን ስለሚጎዳ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጣሪያው አሸንዳ ይጠረጋል፣ የውኃ በርሜልና ሮቶ በደንብ ይከደናል። መክደኑ ለውኃው ንጽሕና ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ ከዚያ ወዲህ በዚሁ ዞን በባቲ ከተማም ተገኝታለች። ይህች ትንኝ በቤት አካባቢ ውኃ በተጠራቀመበት ማስቀመጫ ውስጥ ትራባለች። ነባሯ የወባ ትንኝ ደግሞ ፀሐይ የሚያገኘውን ኩሬ ትመርጣለችና ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ይደፈናል።

የችግኝ መደብ ስፋቱ አንድ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከሁለቱም ወገን እጅ እንዲደርስበት ነው። ከሚሴ ሞቃት ስለሆነች በላዩ የሣር ዳስ ይሠራለታል። የቲማቲም ችግኝ በአንድ ወር ገደማ፣ የሽንኩርት በወር ተኩል ገደማ ለመዛወር ይደርሳል። በቆሎና ዱባ በቀጥታ ይዘራሉ። በቆሎው ከበቀለ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ወደ አገሪቱ የገባው መጤ ተምች እንዳይፈጀው እምብርቱ በየጥቂት ቀኑ ይታያል።

ዘር ግን ሁሉም በበልግ አይጣልም። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ዝናቡ ሊጠፋ ስለሚችል የተወሰነው በቤት ይቆያል። በማሳም ያው ነው፦ በሚያዝያ የተዘራው ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ማሽላ ከከሸፈ፣ ክረምቱ ሲገባ ፈጥኖ በሚደርስ ማሽላ ወይም በጤፍ ይተካል።