ለፍሬኑ ቀለም ከመክፈልዎ በፊት ጎሚኒውን ይጠይቁ

ከላሊበላ ከተማ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ደጃፍ ድረስ ያለው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የገና ሰሞን ምዕመናንና ጎብኚ ለሚያመላልስ ባለ ሃይሩፍ ወይም ባለ ላንድክሩዘር ግን ሒሳቡ የኪሎ ሜትር ሳይሆን የቁልቁለት ነው። በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደውም መጀመሪያ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ያወጣና በድልብ ጠመዝማዛ አድርጎ 2,100 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ወልድያ ያወርዳል። በላስታ ምድር መኪና ገንዘብ የሚያስገኘው ሞተሩ ስለሚጎትት ብቻ አይደለም፤ ፍሬኑ ስለሚይዝም ነው።

የፍሬን ዕቃ ጉዳይ የገበያ ጉዳይ የሆነው በሁለት ምክንያት ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። አሮጌው መኪና ዕድሜው እንዲረዝም ተፈረደበት፤ መለዋወጫው ደግሞ በዶላር የሚገዛ ነው። እንግዲህ ባለ መኪናው ካሊፐሩን ጥሎ አዲስ ከመግዛት አሮጌውን ማደስን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ከማደሻ ዘዴዎቹ አንዱ የዱቄት ቀለም ነው። የአሉሚኒየም በርና መስኮት ነጋዴዎች «ፓውደር ኮቲንግ» የሚሉት ማለት ነው። ደረቅ ዱቄት በኤሌክትሪክ ኃይል ተሞልቶ ኧርዝ በተደረገ ብረት ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ይቀልጥና ይጠነክራል። ተራ ቀለም የፍሬን ዘይት ሲፈስበት ይላጣል፣ የኮረኮንች ጠጠርም ይፈነቅለዋል። በደንብ የበሰለ የዱቄት ቀለም ሁለቱንም ይሻላል።

በቤት ውስጥ ይሠራል ወይ? ይሠራል። የሚያስፈልገው አነስተኛ የዱቄት መርጫ፣ ትንሽ ኮምፕሬሰር፣ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ምድጃና የብረቱን ሙቀት የሚያነብ ቴርሞሜትር ነው። ምድጃው ከዚያ በኋላ ወደ ማድ ቤት አይመለስም፤ ዳቦ የጋገሩበትን ዕቃ ለዚህ ሥራ ካዋሉ ባለቤትዎ አዲስ ምድጃ እንደሚያስገዙዎት ከወዲሁ በወጪው ላይ ይደምሩ። የጋዝ ምድጃ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብም፤ በአየር ላይ የተበተነ ዱቄት እሳት ሲያገኝ ይፈነዳል። አፍና አፍንጫም በትክክለኛ ጭምብል መሸፈን አለበት።

ዱቄቱ ራሱ ውድ አይደለም። አንድ ኪሎ በ75 ማይክሮን ውፍረት ሲነፋ በሒሳብ ደረጃ ከ8 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናል። የአራት ካሊፐር ገጽታ ቢደመር አንድ ካሬ ሜትር አይሞላም፤ የሚባክነው ቢታሰብ እንኳ ኪሎው ለብዙ መኪና ይበቃል። 2 ኪሎ ዋት የሚወስድ ምድጃ ለአንድ ሰዓት ቢነድ የሚቆጥረው 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ችግሩ ካርቶኑ ብዙውን ጊዜ 20 ወይም 25 ኪሎ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለአንድ መኪና ብሎ የሚነሣ ሰው ከአሉሚኒየም ሠራተኞች ትራፊ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ሲጠይቅም ፖሊስተር መሆኑን ያረጋግጥ፤ ኤፖክሲ የሚባለው ፀሐይ ሲመታው ይነጣል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። የዱቄቱ መመሪያ «200 ዲግሪ፣ 10 ደቂቃ» ሲል ብረቱ 200 ከደረሰ በኋላ ያለውን 10 ደቂቃ እንጂ ምድጃው ከተለኮሰ ወዲህ ያለውን አይደለም። የካሊፐር ብረት ወፍራም ስለሆነ ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል። ከመነፋቱም በፊት ባዶውን አንድ ጊዜ ማጋል ይገባል፤ በብረቱ ቀዳዳዎች የተደበቀ ዘይትና አየር ካልወጣ በኋላ ቀለሙን እንደ እንጀራ ዓይን ያበሳሳዋል።

ካሊፐሩ ወደ ምድጃ ሲገባ ፒስቶኑም ጎሚኒውም ወጥተው መሆን አለበት፤ ጎሚኒ ያን ሙቀት አይችልም። የፒስቶኑ ቤት፣ ፒኖቹ የሚንሸራተቱበት ቀዳዳ፣ የቡሎን ጥርስ፣ የፍሬን ሸራው የሚቀመጥበት ቦታ፣ የዘይት ቱቦው የሚታሰርበት ገጽ ሙቀት በሚችል ቴፕና መወተፊያ ይሸፈናሉ። ዲስኩ ላይ ሸራ የሚነካው ገጽና ቸርኬው የሚያርፍበት ገጽም ቀለም አይነካቸውም። በቸርኬ ሥር የገባ ቀለም ውሎ አድሮ ሲሳሳ ብሎኑ ይላላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ካሊፐሩ አንዴ ከተፈታ ጎሚኒውን መለወጥ ግድ ነው፤ ዘይቱም ይለወጣል። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም። እርጥበት ጠጥቶ ሲያረጅ ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። የድልብን ቁልቁለት ማርሽ ሳይቀንስ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሾፌር እዚያ ሙቀት ላይ መድረስ አያቅተውም፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ቀለሙ ቀይ ሆነ ሰማያዊ ለዚህ የሚፈይደው ነገር የለም። በጀቱ ለሁለቱ ካልበቃ እንግዲህ መጀመሪያ ጎሚኒው፣ ዘይቱና ሸራው ይገዛሉ፤ ካሊፐሩ ሙቀት በሚችል ስፕሬይ ቢቀባም ለአንድ መኪና በቂ ነው።

ለባለ ጋራዥ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። ላሊበላ ላይ ምድጃና መርጫ የሚተክል ሰው በካሊፐር ብቻ ወጪውን አይመልስም። የባጃጅ ቸርኬ፣ የሞተር ሳይክል ፍሬም፣ የሆቴል ወንበር ከጨመረበት ግን መልክ ይይዛል። የደጋው ቅዝቃዜም ለዱቄቱ ክምችት ያግዘዋል፤ ዱቄት ሙቀት ሲያገኝ ይቋጠራልና። የሚያሰጋው መብራት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከተማዋ ለወራት መብራት አጥታ እንደነበር የሚረሳ የለም። ዕቃው በግማሽ ሳይበስል መብራት ከጠፋ እንደገና ማጋል ይጠይቃል። ጄኔሬተር የሚያስነሣ ደግሞ የነዳጁን ዋጋ አስቀድሞ ይደምር።

ሶማሌ ተራ ወርደው ያገለገለ ካሊፐር ለሚገዙም አንድ ነገር። ሲያብረቀርቅ ያገኙት ካሊፐር ታድሶ ሊሆን ይችላል፤ ታጥቦ ተቀብቶ ብቻ ሊሆንም ይችላል። ሻጩ ፒስቶኑን አስገብቶና አውጥቶ ያሳይዎ፤ የአቧራ መከላከያው ጎሚኒ የተሰነጠቀ እንደሆነ በጣት ይዳስሱ፤ የዘይት ማስተንፈሻው ቡሎን በመፍቻ ይዞር። ቀለም ከተቀባበት ወዲህ ያልተፈታ ቡሎን ራሱ ይናገራል፦ በጥርሱ ዙሪያ ቀለሙ ሳይሰበር ተጣብቆ ያገኙታል።