በጉራጌ ምድር ለባህል ጥናት የሚስማማ የፎቶግራፍ መሣሪያ ስለ መምረጥ

የሕዝብን ኑሮና ልማድ የሚመረምር ሰው ከማስታወሻ ደብተሩ ቀጥሎ ከእጁ የማይለየው ዕቃ የፎቶግራፍ መሣሪያ ነው። ስለ ደብተር አያያዝ ለተማሪዎቻችን ብዙ እንነግራቸዋለን፤ የመሣሪያውን ምርጫ ግን ለነጋዴና ለጓደኛ ምክር እንተውላቸዋለን። ይህ ጽሑፍ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝበት በጉብሬና በዙሪያው ባሉት መንደሮች ለሚደረግ ጥናት ምን ዐይነት ዲጂታል ካሜራ እንደሚበጅ ለማስረዳት የተጻፈ ነው።

አስቀድሜ የራሴን ስሕተት ልናገር። በውጭ አገር ትምህርቴን ፈጽሜ ስመለስ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ 45 ሜጋፒክስል ላለው ካሜራ አወጣሁት። ለሌንስ የተረፈኝ ጥቂት ስለ ነበረ ብርሃን የማያስገባ ርካሽ ሌንስ ገዛሁ። በመጀመሪያው ሰሞን አንዲት አሮጊት እናት በጎጆአቸው ውስጥ ሊጡን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ቆጮ ሲጋግሩ ለማንሣት ፈቃድ አገኘሁ። ከዚያ ቀን ሥዕሎች ውስጥ ምሰሶው፣ ግድግዳውና የተሰቀለው ዕቃ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ እጃቸው ግን በሁሉም ዘንድ ማለት ይቻላል ደብዝዞአል። ልመረምረው የሄድሁት ደግሞ የእጃቸውን ሥራ ነበር።

የነገሩ ምክንያት በቁጥር ሊታይ ይችላል። በር ብቻ ብርሃን በሚያስገባለት ጎጆ ውስጥ፣ የሚንቀሳቀስ እጅ እንዳይደበዝዝ መዝጊያው በሰከንድ 125ኛ ክፍል መከፈትና መዘጋት አለበት እንበል። የሌንሱ ቀዳዳ 2.8 ከሆነ መሣሪያው ወደ አይሶ 6400 ከፍ ማለት ይኖርበታል። ያው ሌንስ ከ5.6 በላይ የማይከፈት ቢሆን የሚገባው ብርሃን ሩብ ብቻ ስለሚሆን አይሶው 25600 ይደርሳል፤ በዚህ ጊዜ ሥዕሉ በነጠብጣብ ይሞላል። ቀዳዳው 1.8 ከሆነ ግን 2500 ገደማ ይበቃል። እንግዲህ ለሌንሱ የሚወጣው ገንዘብ ለካሜራው አካል ከሚወጣው ይበልጥ ዋጋ አለው ማለት ነው። ይህን ከመግዛቴ በፊት የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከሌንሱ ቀጥሎ የሚታሰበው ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ስፋቱ ነው። ሙሉ ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጡት አብዛኞቹ ካሜራዎች 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር ያህል አላቸው። በስፋት ሲተያዩ የመጀመሪያው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ በጨለማ ቤት ውስጥም ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። የሜጋፒክስል ብዛት ግን ገዢውን ከሁሉ ይልቅ የሚያታልል ቁጥር ነው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ለሚታተም የኤ4 ገጽ 9 ሜጋፒክስል ያህል፣ ለኤ3 ደግሞ 17 ተኩል ያህል ይበቃል። ስለዚህም ከ20 እስከ 24 ሜጋፒክስል ያለው መሣሪያ ለማናቸውም መጽሔትና መጽሐፍ አያንስም። እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ በ100 በ100 ነጥብ ብቻ ያነሣ እንደ ነበር፣ አንዱንም ሥዕል በካሴት ላይ ለመጻፍ 23 ሰከንድ ይፈጅበት እንደ ነበር ስናስታውስ፣ ዛሬ ችግራችን የቁጥር ማነስ አለመሆኑን እንረዳለን።

በአደባባይ የሚደረገው ነገር ሌላ ዐይነት መሣሪያ ይጠይቃል። የጉራጌ መንደር ጀፎረ በሚባለው ሰፊና ሣር የለበሰ ጎዳና ግራና ቀኝ የተሠራ ነው፤ ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ የመስቀል ጨዋታውም በዚያ ላይ ይከናወናል። ብርሃኑ የተትረፈረፈ ስለሆነ አይሶ አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው ፍጥነት ነው። የሚዘልለውን ጎረምሳ ፊት ሳይለቅ የሚከተል የትኩረት ሥርዐትና በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚያነሣ መዝጊያ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ካኖን 1ዲ ኤክስ ማርክ 3 በመስተዋቱ እያሳየ በሰከንድ 16 ሥዕል ያነሣል፤ በ2021 የወጣው ኒኮን ዜድ 9 ደግሞ ሜካኒካዊ መዝጊያን ፈጽሞ ትቶአል። ይሁን እንጂ ፍጥነት ዕዳ አለው። አንዱ ሥዕል 25 ሜጋባይት ቢሆን፣ በሰከንድ 20 ሥዕል የሚያነሣ ሰው በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊጋባይት ይሞላል። ማታ መብራት ሲጠፋ ይህን ሁሉ የሚገለብጥበት ኮምፒዩተር ከየት ያመጣል?

ለለቅሶ የሚሄድ ተመራማሪ ድምፅ የሌለውን ኤሌክትሮኒካዊ መዝጊያ መምረጡ የተገባ ነው፤ በሐዘንተኛ ፊት ካሜራን ማንቋቋት ነውር ነውና። ነገር ግን ይህ መዝጊያ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ ሥዕሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ በፍጥነት የሚወዛወዝ ዱላ ቀጥ ያለ ሳለ ጎባጣ ሆኖ ይወጣል። በኤሌክትሪክ መብራት ሥር ደግሞ፣ የአገራችን ኃይል በሰከንድ 50 ዙር ስለሚሠራ አምፖሉ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በሥዕሉም ላይ ጥቁር ሽንትር ይታያል። መላውን ሴንሰር በአንድ ቅጽበት የሚያነብ ሶኒ ኤ9 3 እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ሆኖ ሥዕልን የማጉበጡን ችግር አስወግዶአል፤ ዋጋው ግን ለአንድ ትምህርት ክፍል የሚቀመስ አይደለም።

ስለ ስቱዲዮ ብዙ መናገር አያሻም። ለሙዚየም የሚሆን የቀንድ ዋንጫ ወይም የቃጫ ገመድ በትሪፖድ ላይ፣ በፍላሽ ብርሃን ሲነሣ ፍጥነትም አይሶም ከቁም ነገር አይገቡም። በዚህ ቦታ ብቻ የሜጋፒክስል ብዛት ይጠቅማል፤ የሽመናው ክር አንድ በአንድ ሊቈጠር ይችላልና። ፍላሹ በብዙዎቹ ካሜራዎች ከሰከንድ 200ኛ ወይም 250ኛ ክፍል በሚፈጥን መዝጊያ እንደማይሠራ ማወቅ፣ ከዕቃውም አጠገብ የመለኪያ መስመርና ግራጫ ካርድ ማኖር ይበቃል።

ይልቅስ ብዙዎች የሚዘነጉት የፊት መልክ ነገር ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። በመስቀል ቀን ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ፊቱ ብትቆም መለኪያው የነጠላውን ንጣት አይቶ ሥዕሉን ያጨልማል፤ ነጠላው ግራጫ፣ ፊቷ ደግሞ ጥላ ይሆናል። በፊልም ዘመንም ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ የነጭ ሴት ሥዕል ነበር። በአዲስ አበባ የቦያጂያን ቤተ ሰብን የመሰሉ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች በዚያ ዘመን የሐበሻን ፊት አሳምረው ያነሡት በእጅ ልምድ እንጂ በመሣሪያው ደግነት አልነበረም። ዛሬ ተማሪው የሚገዛው ካሜራ ሥዕሉን ሳይጨመቅ በጥሬው የሚያስቀምጥና ከጨለማው ክፍል ዝርዝሩን መልሶ ለማውጣት የሚያስችል መሆኑን፣ የብርሃን ማረሚያውም በአውራ ጣት በቀላሉ የሚገኝ መሆኑን ይመርምር።

እዚህ ላይ ከዕቃ ምርጫ የሚያልፍ ጥያቄ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1966 ዊልያም ሻክ ስለ ጉራጌ በጻፈው መጽሐፍ ሕዝቡን በርእሱ ላይ የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ ጠርቶታል። እንሰቱን የሚፍቁት፣ በጉድጓድ የሚያብላሉት፣ ቡላውን የሚጨምቁትና የሚጋግሩት ሴቶች ናቸው፤ ሥራውም የሚሠራው ከቅጠሉ ጥላ ሥርና ጢስ በሞላበት ጎጆ ውስጥ ነው። ሥዕሉ የሚያምረው ግን በጀፎረው ላይ ነው። በፀሐይ ብቻ ደኅና የሚሠራ መሣሪያ የያዘ ተማሪ ሳያስበው የአደባባዩን ሰው ብቻ ሰብስቦ ይመለሳል፤ ከ50 ዓመት በኋላ ማኅደሩን የሚከፍት ሰውም በጉራጌ ምድር በዓል እንጂ ሥራ አልነበረም ብሎ ሊፈርድ ይችላል። በእኔ ሐሳብ መሣሪያው መመረጥ ያለበት ለጎጆው ነው። ለጨለማው የሚበቃ ለአደባባዩ አያንስም፤ ለአደባባዩ የሚበቃ ሁሉ ግን ለጨለማው አይበቃም።

ስለዚህም ለሚጠይቁኝ ተማሪዎች የምመክራቸው ሙሉ ፍሬም፣ 24 ሜጋፒክስል ያህልና ሁለት ካርድ የሚቀበል አካል፣ አንድ 35 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ፣ ገንዘብ ከተረፈም ለአደባባዩ አንድ ረጅም ሌንስ ነው። አካሉ ከአምስት ዓመት በፊት የወጣ፣ ሌላ ሰው የተገለገለበትም ቢሆን ግድ የለም። መስተዋት ያለው አሮጌ ካሜራ ከአዲሱ ይልቅ ባትሪ ስለሚቈጥብ ኤሌክትሪክ በራቀበት መንደር ጥቅም አለው። ሦስት ባትሪና ለአቧራው የሚሆን ጥሩ ቦርሳ ይታከልበት።

እኔም ሌንሱን ቀይሬ በሁለተኛው ዓመት ወደዚያው ጎጆ ተመለስሁ። እናቲቱ ከአሮጌዎቹ ሥዕሎች አንዱን በወረቀት አሳትሜ ሳሳያቸው ጥቂት ተመልክተው፣ «እጄን የት አደረግኸው፣ ልጄ?» አሉኝ። ከዚያም ምጣዱን ጥደው እንደገና ጀመሩ።