አሮጌው የጌም ኮምፒውተራችሁ «ሎዲንግ» ላይ ተኝቶ ይቀራል? ከመሸጣችሁ በፊት ይሄን እዩ

ጌሙን ትከፍታላችሁ፣ «ሎዲንግ» ይላል። ስልካችሁን አንስታችሁ ቲክቶክ ትገባላችሁ። ሦስት ቪዲዮ አይታችሁ ቀና ስትሉ አሁንም «ሎዲንግ»። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ «በቃ አርጅቷል፣ ይሸጥ» ይላል። እኛ ግን ቆይ እንላለን፤ ብዙ ጊዜ ሌላውን ሁሉ ወደ ኋላ የሚጎትተው ሃርድ ዲስኩ ብቻ ነው።

ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሰሃንና ሰሃኑ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚል ክንድ አለ። የዴስክቶፑ በአብዛኛው በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይዞራል። ፈጣን ይመስላል አይደል? ችግሩ አንድ ነገር በተፈለገ ቁጥር ክንዱ ቦታው ድረስ መሄድ፣ ሰሃኑም ዞሮ እስኪደርስ መጠበቅ አለበት። ይሄ በአማካይ 12 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። ኤስኤስዲ ምንም የሚዞር ነገር ስለሌለው 0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይበቃዋል። እናስላው፦ አንድ ጌም ለመነሳት 10,000 ትንንሽ ቁርጥራጮችን ማንበብ ቢኖርበት ሃርድ ዲስኩ 120 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ኤስኤስዲው 1 ሰከንድ። (በተግባር ፕሮሰሰሩም የራሱ ሥራ ስላለው ልዩነቱ ይህን ያህል አይሰፋም፤ ግን ሐሳቡ ገብቷችኋል።)

«ታዲያ ለምን ትልቅ ኤስኤስዲ አንገዛም?» ካላችሁ ልክ ናችሁ። ብሩ ካለ እሱ ይሻላል፣ ይሄን ጽሑፍም መጨረስ አያስፈልጋችሁም። ግን ጂቲኤ 5 ብቻውን ከ60 ጊጋባይት በላይ ይይዛል። 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ሙሉ ጌም ያለው፣ በእጁ ደግሞ ከሌላ ማሽን የተነቀለ 60 ወይም 120 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ካሺንግ የሚባለው ዘዴ ለሱ ነው።

እናቶቻችን በርበሬውን እንዴት እንደሚያስቀምጡት አስቡ። የዓመቱ በትልቅ እቃ ጓዳ ነው። ለዕለት የሚሆነው ግን በትንሽ ጣሳ ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል። ማንም ለአንድ ማንኪያ በርበሬ በየቀኑ ጓዳ አይመላለስም። ካሺንግም እንደዛ ነው፤ ጌሞቹ ሁሉ ሃርድ ዲስኩ ላይ ይቆያሉ፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ ደጋግማችሁ የምትከፍቱትን እያየ ቅጂውን ኤስኤስዲው ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ለውጥ አታዩም። ጌሙን ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ስትከፍቱት ነው ልዩነቱ የሚታየው። «አይሠራም» ብሎ በመጀመሪያው ሙከራ የሚተወው ሰው ብዙ ነው።

እንዴት ይሠራል? ማዘርቦርዳችሁ ላይ ይወሰናል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2011 ከዜድ68 ቺፕሴት ጋር «ስማርት ሪስፖንስ» የሚባል ነገር አውጥቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ዜድ77፣ ዜድ87 እና ዜድ97ም አላቸው። ለካሽ የሚጠቀመው እስከ 64 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ትንሿ ኤስኤስዲ ትበቃለች። ባዮስ ውስጥ የሳታ ሞዱ «ሬይድ» ላይ መሆን አለበት። ተጠንቀቁ፣ ዊንዶውስ በሌላ ሞድ ተጭኖ ከነበረ ዝም ብላችሁ ስትቀይሩት ሰማያዊ ስክሪን ሊመጣና አልነሳም ሊላችሁ ይችላል። ይሄ የሌለው ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ «ፕራይሞካሽ» የሚባል ሶፍትዌር አለ። የሚከፈልበት ነው፣ ግን የሙከራ ጊዜ ይሰጣል። ሊነክስ የምትጠቀሙ «ቢካሽ»ን በነፃ ታገኛላችሁ። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ለካሽ የሰጣችሁት ቦታ ላይ ያለው ፋይል ይጠፋል፣ ቀድማችሁ አውጡት።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ብዙዎቹ የዩቲዩብ ቪዲዮዎች ቶሎ የሚያልፉት። ካሽ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አለው። በአንዱ ሴቭ ያደረጋችሁት ነገር ኤስኤስዲውም ሃርድ ዲስኩም ላይ እኩል ይጻፋል። በሌላኛው ለጊዜው ካሹ ላይ ብቻ ተጽፎ ወደ ሃርድ ዲስኩ በኋላ ይገለበጣል፤ ልክ ባለሱቅ የዱቤውን ሂሳብ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጫር አድርጎ ማታ ወደ ደብተር እንደሚያዛውረው። ፈጣን ነው። ግን ወረቀቱ ከጠፋስ? ኤስኤስዲው ድንገት ቢሞት፣ ወይም ካሹ ራም ላይ ሆኖ መብራት ድርግም ቢል፣ ያልተገለበጠው ሁሉ ሄደ። ሴቭ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ የሃርድ ዲስኩ የፋይል አደረጃጀት ራሱ ሊበላሽ ይችላል፣ እዚያ ላይ ደግሞ የቤተሰብ ፎቶም ይኖራል። መብራት ሳያስጠነቅቅ በሚሄድበት ሰፈር፣ ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ይሄን ሞድ እኛ አንነካውም። ኢንቴሉ ላይ «ማክሲማይዝድ» ሳይሆን «ኢንሃንስድ» የሚለውን ምረጡ። ፕራይሞካሽ ላይ «ዲፈር ራይት»ን አታብሩ። ለጌም የምትፈልጉት ንባብ ነውና የምታጡት ፍጥነት ትንሽ ነው።

ካሽ የማያደርገውንም እንንገራችሁ። ኤፍፒኤስ አይጨምርም፣ እሱ የግራፊክስ ካርዱና የፕሮሰሰሩ ሥራ ነው። ራማችሁ 4 ጊጋ ከሆነ መጀመሪያ ራም ጨምሩ። ደግሞ ሁሉም ሎዲንግ የዲስክ ጥፋት አይደለም። የጂቲኤ ኦንላይን አሰልቺ ሎዲንግ ለዓመታት በዲስክና በኢንተርኔት ሲሳበብ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ፕሮግራመር ችግሩ የጌሙ ኮድ ውስጥ መሆኑን አገኘ፤ ፕሮሰሰሩን በከንቱ የሚያደክም አጻጻፍ ነበር። ሮክስታርም አስተካክሎ 10,000 ዶላር ሸለመው። ስለዚህ ጌሙ ሲከፈት ታስክ ማናጀር ውስጥ «ዲስክ» የሚለውን እዩ። 100 ፐርሰንት ላይ ከተለጠፈ ካሽ ይረዳችኋል፤ ካልሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

ሃርድ ዲስኩንም በ«ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» መርምሩት፣ በነፃ ነው። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ ካሺንጉን ተዉትና ዛሬውኑ ፋይላችሁን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

አንድ ቀን ኤስኤስዲውን ለሌላ ነገር ከፈለጋችሁት ደግሞ ኬብሉን ዝም ብላችሁ እንዳትነቅሉት። መጀመሪያ ሶፍትዌሩ ውስጥ ገብታችሁ ካሹን አጥፉ፣ ያልተገለበጠ ነገር ካለ ወደ ሃርድ ዲስኩ ይመለሳል። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘግታችሁ ንቀሉት።